የራሴ ቻርጀር ሳይኖረኝ የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት፦ ከወራት በኋላ

የምኖረው አፓርታማ ላይ ነው። ማታ ገመድ የምሰካበት የራሴ ቦታ የለኝም። የኤሌክትሪክ መኪናዬን ለወራት የነዳኋት ሙሉ በሙሉ በሕዝብ ቻርጀር ተማምኜ ነው።

ስለ መኪናዋ ብዙ አልልም፤ ወድጃታለሁ። ድምፅ የላትም፣ ስትነሳ ትፈጥናለች፣ የሞተር ዘይት የሚባል ጣጣ የለባትም። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቷን እየቀነሰ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራዋም ቶሎ አያልቅም።

ወደ ቻርጁ ልምጣ።

ካርታው ላይ ስታዩት አካባቢዬ ያለው ቻርጀር የትየለሌ ነው። ሄዳችሁ ስትቆሙ ግን ቁጥሩ ይቀንሳል። አንዱ ስክሪኑ ደርቋል። ሌላው ያለው ምድር ቤት ነው፤ ክፍያው በስልክ ነው፣ ኔትወርክ ደግሞ የለም። ሌላው ጋ የነዳጅ መኪና ቆሞበታል። ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያናድደኛል፤ ያ ቦታ ለሌላ ሰው ማደያው ነውና።

ቀጥሎ መሰኪያው አለ። ዓይነቱ ብዙ ነው፦ ቻይና ጂቢ/ቲ የሚባለውን ትጠቀማለች፣ አውሮፓ ሲሲኤስ2፤ ቻዴሞ የጃፓን ነው። በፈጣን ቻርጅ ላይ መኪናውና ቻርጀሩ እየተነጋገሩ ነው የሚሠሩት፤ የጂቢ/ቲና የሲሲኤስ «ቋንቋ» ደግሞ ይለያያል። ስለዚህ አንዱን መሰኪያ ከሌላው የሚያገናኘው አዳፕተር ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ አይበቃም፤ መልእክቱንም መቀየር አለበት። ርካሽ አዳፕተር ላይ ገንዘብ አታጥፉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት እናንተ የምታገኙት አይደለም። በዝግተኛው፣ ማለትም እንደ ቤት ሶኬት ያለ ኃይል በሚሰጠው በኤሲ ቻርጅ ላይ፣ ኃይሉን ለባትሪው የሚቀይረው መኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው። የኔዋ የምትቀበለው 7 ኪሎዋት ነው። 22 የሚል ቻርጀር ላይ ብሰካትም ያው 7 ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን ባትሪዋን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ፈጣኑ፣ ማለትም ኃይሉን ራሱ ቀይሮ በቀጥታ ለባትሪው የሚሰጠው ዲሲ ቻርጀር፣ ይህን ሥራ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ባለፈ ጊዜ ይጨርሳል። ጎኔ ሌላ መኪና ሲሰካ ግን ብዙዎቹ ቻርጀሮች ኃይሉን ለሁለት ይከፍሉታል፣ ጊዜውም እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከ80 በመቶ በኋላ ደግሞ መኪናዋ ራሷ የባትሪዋን ሴሎች ለመጠበቅ ኃይሉን ትቀንሳለች። ከኋላ ወረፋ እያለ ፈጣን ቻርጀር ላይ 100 እስኪሞላ መቆም ነውር ነው እላለሁ። 80 ሲደርስ ነቅሎ መሄድ ነው።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ፈጣኑ አይደለም። ኑሮዬን ያቀለለው የሥራ ቦታዬ አጠገብ ያለው ዝግተኛ ቻርጀር ነው። ጠዋት ሰክቼ እገባለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወርጄ ለሌላ ሰው እለቅለታለሁ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው 7 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ተራ የ220 ቮልት ሶኬት እንኳ በ10 አምፔር ይህን ከሦስት ሰዓት በትንሽ አልፎ ይሞላዋል። ስለዚህ አንድ ግዙፍ ፈጣን ጣቢያ ከሚተከልልን መኪኖች ለሰዓታት በሚቆሙበት ቦታ ሁሉ ብዙ ትንንሽ መሰኪያ ቢኖር እመርጣለሁ። የአፓርታማ ኮሚቴዎች ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ መኪና ማቆሚያው እንደሆነ አለ፣ መብራቱም እዚያው አለ።

ቤቱ ሶኬት ላለው ሰው ዓይኔን ሳላሽ «ግዛ» እላለሁ። እንደ እኔ አፓርታማ ላይ ያለ ሰው ግን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ምሽት ላይ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ቅርቡ ያሉትን ቻርጀሮች ዞሮ ይያቸው። ስንቱ ይሠራል? ስንቱ ለሚገዛው መኪና ይገጥማል? ወረፋውስ? ቢያንስ ሁለት አስተማማኝ ቦታ ካገኘ ይግዛ። አንድ ብቻ ከሆነ ይቆይ፤ ያ አንዱ የተበላሸ ቀን መሄጃ የለውም።