የአጎቴ ስቲኮች፦ በጨረታ ወይስ በጅምላ?

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜ ልኩን የፑል ስቲክ ሲሰበስብ ኖሮ አረፈ። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ ነጋዴ ሁሉንም ባንዴ ልውሰድ ብሎናል። ብሩ ዛሬውኑ እጅ ይገባል፤ ጣጣ የለውም። ለእሱ ግን ሁሉም ያው እንጨት ነው።

ጨረታ ያደክማል። ከኮምቦልቻም ጭምር ተጫዋች መጥራት፣ ለእያንዳንዱ መነሻ ዋጋ መቁረጥ አለ። ግን እነሱ ያውቁበታል። ትናንት ለማየት ከመጡት አንዱ ከሜፕል እንጨት የተሠራውን ስቲክ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ጫፉ ካልዘለለ አልጎበጠም ማለት ነው። ሌላው መሃሉን ፈትቶ የብሎኑን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰ። ከ500 ግራም አለፍ የሚለውን ክብደት በእጁ መዘነ። የቆዳው ጫፍ በአጎቴ ጠመኔ ገና ሰማያዊ ነበር።

እኔ ጨረታውን መርጫለሁ። የአጎቴ ሚስት ግን አንዷን ስቲክ ብቻ አትሸጥም ብላ ቁምሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣታለች።