የልጄ ቁመትና ክብደት በትምህርት ቤት ሲመዘገብ

እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ ይህን አገልግሎት ታውቁታላችሁ። የ4 እና 5፣ ከዚያ ደግሞ የ10 እና 11 ዓመት ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ቁመታቸውና ክብደታቸው ይለካል። ልጄ ሁለቱንም ጊዜ ተለክታለች። በጣም የወደድኩት ቁጥሩ መሳቢያ ውስጥ አለመቅረቱ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲደመር የየትኛው አካባቢ ልጆች ከልክ በላይ እየወፈሩ እንደሆነ በየዓመቱ ይታያል፣ በድሃ ሰፈሮች ችግሩ ከሀብታሞቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑም በዚሁ መረጃ ይታያል። ከልኬቱ በኋላ ለወላጅ የሚላከው የውጤት ደብዳቤ ግን አናደደኝ። «ክብደቷ ከመጠን በላይ ነው» ይላል፣ በቃ። ልጄ ቀድማኝ አንብባው ሁለት ቀን እራት እምቢ አለች። ስደውል ነርሷ በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ያ ማብራሪያ ደብዳቤው ላይ መኖር ነበረበት። እባካችሁ ፖስታውን ልጅ ፊት አትክፈቱት። ልጄ አትለካ ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን ታናሿንም አስለካታለሁ።