ፍሪጁ 11 ዲግሪ ያሳየበት ቀን፦ ልጄ የምትውልበት የሕፃናት ማቆያ

ልጄ አሁን ባለችበት ማቆያ መዋል ከጀመረች ስምንት ወር ሞላት። ቦታ የሚፈልጉ እናቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው። ስለ መጫወቻው፣ ስለ መዝሙሩና ስለ ፊደል ትምህርቱ ብዙ አልልም። የምጽፈው ስለ እጅ፣ ስለ ጡጦ፣ ስለ ፍሪጅና ስለ ዳይፐር ነው። ለብዙ ሰው ምግብ በሚያቀርብ ማዕድ ቤት ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የትም ብገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ከዚህ በፊት የነበረችበት ማቆያም ፈቃድ ነበረው፤ በመስታወት ተደርጎ መግቢያው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ልጄ 14 ወሯ ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛትና ሦስት ሌሊት ሆስፒታል አደርን። በዚያው ሳምንት ከክፍሏ ሌሎች አራት ልጆች ታመዋል። ምንጩ ይሄ ነው ብሎ የነገረን ሰው ስለሌለ ያልተረጋገጠ ነገር ይዤ አልከስም። ነገር ግን ዕቃዋን ልወስድ የሄድኩ ዕለት የማዕድ ቤቱ በር ክፍት ነበርና ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መመዝገቢያ አየሁት። ጠዋት 4፣ ከሰዓት 4፣ ጠዋት 4፣ ከሰዓት 4። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሰው እጅ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ገና ያልደረሰው የዓርብ ከሰዓት ግን ቀድሞ ተሞልቶ አልቋል።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ፍሪጅ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፤ ምሳ ሲዘጋጅ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት የሠራበት ያውቀዋል። በትክክል የተያዘ መዝገብ አንዴ 3 ይላል፣ አንዴ 5 ይላል፣ ዕቃ የገባ ቀን 7 ይላል። ወሩን ሙሉ 4 ብቻ የሚል ከሆነ ቴርሞሜትሩን ያየው የለም።

ስለዚህ አዲስ ማቆያ ፍለጋ ስወጣ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «መዝገባችሁ ላይ የተበላሸ ቀን አሳዩኝ።» የመጀመሪያው ቦታ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛው ቦታ መዝገቡ ቢሮ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘችው ሠራተኛ ደግሞ የለችም ተባልኩ። እዚህ ግን ዳይሬክተሯ ትንሽ አሰቡና ወደ ማዕድ ቤት ገብተው ጠርዙ የቅባት እድፍ ያለበት ደብተር ይዘው መጡ። ገልጠው አንድ ሰኞ ጠዋት ላይ ጣታቸውን አኖሩ፦ «11 ዲግሪ። የበሩ ጎማ ለቋል። ወተት፣ እርጎ፣ የተቀቀለ ዶሮ ተጥሏል። የምሳ ዝርዝር ተቀይሯል። ለወላጆች ተነግሯል።» ከሥሩ የሁለት ሰው ፊርማ አለ። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ፦ «ጎማው ተቀየረ፣ 4 ዲግሪ።»

ልጄን የዚያኑ ዕለት አስመዘገብኳት።

11 ዲግሪ ለብዙ ሰው ቀዝቃዛ ነው፤ እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል፣ ወተቱም አይሸትም። ዳሩ ግን በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል ያለው ሙቀት ለተህዋስያን መራቢያ ነው፤ ወደ መሃሉ በተጠጋ ቁጥር ደግሞ ይፈጥናሉ፤ በተመቻቸው ሁኔታ አንዳንዶቹ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናሉ። ያ ፍሪጅ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ይሁን ከሰኞ ንጋት ሲሞቅ የቆየው ማንም አያውቅም። የማይታወቅ ከሆነ መጣል ነው። የዚያን ያህል ምግብ መጣል ለአብሳይ ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ፣ ያን መስመር የጻፈው እጅ ለእኔ ከፈቃዱ ወረቀት የበለጠ ዋስትና ሆነኝ። ተቆጣጣሪ በየቀኑ አይመጣም፤ ደብተሩ ግን በየቀኑ ነው።

ምግቡ እዚያው ነው የሚበስለው፤ ይህን በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ፣ ከአንድ ማዕከላዊ ማዕድ ቤት ምግብ ይቀርብላቸው በነበሩ በርካታ ማቆያዎች ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባል ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ገብቶ ከ350 በላይ ሰዎች ላይ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ሲሆኑ ኩላሊታቸው የተጎዳም ነበሩ። በዋናነት የተጠረጠረው ከተፈጨ ሥጋ የተሠራ ምግብ ነው። ሙሉ ቁራጭ ሥጋ ላይ ተህዋሲው የሚቀመጠው በላዩ ነው፤ ሲፈጭ ግን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ላዩ ቢጠበስም መሃሉ ካልደረሰው አይሞትም። የዚህ ማቆያ ምግብ አብሳይ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሥጋ ሲያበስሉ መርፌ ያለውን ቴርሞሜትር ወፍራሙ ቁራጭ መሃል ሰክተው 70 ዲግሪ ካላለፈ አያወጡም። ቴርሞሜትሩ ራሱ እንዳይዋሽ በየሳምንቱ በረዶ የተሞላ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ 0 ማለት አለበት።

አንድ ቀን የተረፈ ሩዝ ሲደፉ አየሁና «እትዬ፣ ለነገ በደንብ አይሞቅም?» አልኳቸው። ፈልጌ ነው፤ መልሱን አውቀዋለሁ። «የኔ ልጅ፣ ተህዋሲው ቢሞት መርዙ የት ይሄዳል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ መቀቀልን ይቋቋማል፤ ሩዙ ውጭ ከዋለ ይራባና መርዝ ይሠራል፤ የሚያስመልሰውን መርዝ ደግሞ ዳግም ማሞቅ አያጠፋውም። ይህን የሚያውቅ ሰው ለልጄ ምግብ ሲሠራላት ሥራዬ ላይ ተረጋግቼ እውላለሁ።

ከየምሳው ጥቂት ማንኪያ በትንሽ ዕቃ ተደርጎ ቀን ተጽፎበት ማቀዝቀዣ ይገባል። ልጅ ቢታመም ናሙናው ይመረመራል። ይህን ሳይ የድሮው ማቆያ ትዝ አለኝ፤ ያኔ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢኖር ኖሮ ምን እንዳገኛት ምናልባት አውቅ ነበር። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 በሳካይ ከተማ ከትምህርት ቤት ምሳ ጋር በተያያዘ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በዚሁ ኦ157 ታመው ነበር፤ እዚያ ትልልቅ ማዕድ ቤቶች ናሙናውን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲያቆዩ ይጠበቃል። እዚህ የሚቆየው አንድ ሳምንት ነው። ዳይሬክተሯን ሁለት ሳምንት ይሁን ብዬ ጠይቄያለሁ፤ የቦታ ጥበት አለብን ብለውኛል። አንዳንዱ ሕመም ከተበላ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል እኔ አሁንም አልተስማማሁም።

የጨቅላዎቹ ክፍል ውስጥ ያየሁት የወተት አያያዝ እኔንም አርሞኛል። ለልጄ ቤት ውስጥ የዱቄት ወተት የማዘጋጀው ለብ ባለ ውኃ ነበር፤ ጥሩ ያደረግሁ መስሎኝ። ለካ የዱቄት ወተት ቆርቆሮው ቢታሸግም ከተህዋሲ ፍጹም የጸዳ አይደለም፤ ክሮኖባክተር የሚባለው፣ በተለይ ከሁለት ወር በታች ላሉና ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት እጅግ አደገኛ የሆነው ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ የሚበጠበጠው ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውኃ ነው፤ ከዚያ ጡጦውን በቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይዞ ማቀዝቀዝና ክንድ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋል። ሞግዚቷ ይህን ያስረዳችኝ ጡጦ እያጠበች፣ ሳትኮራብኝ ነው። የእናት ጡት ወተት ላይ የልጁ ስምና የታለበበት ቀን ካልተጻፈ አይቀበሉም፤ በማይክሮዌቭም አያሞቁም፤ ማይክሮዌቭ እኩል ስለማያሞቅ ጡጦው ለብ ብሎ ሳለ ወተቱ መሃል የልጅ አፍ የሚያቃጥል ቦታ ይኖራል። ከ12 ወር በታች ላለ ልጅ ማር በምንም መልኩ አይሰጥም።

ዳይፐር መቀየሪያው ከማዕድ ቤቱም ከመመገቢያውም ርቆ ለብቻው ነው፤ የራሱ መታጠቢያ አለው። እዚያ የታጠበ ጡጦ ወይም ፍራፍሬ አላየሁም። ከቀየሩ በኋላ የሞግዚቷ ብቻ ሳይሆን የልጁም እጅ ይታጠባል፤ ይሄ ብዙ ቦታ ይረሳል፤ ልጁ ግን ተኝቶ ሳለ እጁ የት እንደሚሄድ እናት ታውቃለች። ፍራሹ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ቀጥሎ የተበጠበጠ በረኪና ይረጭበትና ጥቂት ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ ይተዋል። ቆሻሻ ላይ የተረጨ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሰዋል፤ ቶሎ ከተጠረገም አይሠራም። መርጫው ላይ የዕለቱ ቀን ይጻፋል፤ የተበጠበጠ በረኪና ሲያድር ይደክማል።

ባለፈው ወር ፈቃድ ጠይቄ በልጄ ክፍል ጥግ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። እጅ መታጠብ የነበረበትን አጋጣሚ ሁሉ በወረቀት ቆጠርኩ፦ 17። የታጠቡት 13 ጊዜ ነው። ካመለጡት አራቱ ሁለቱ ንፍጥ ከተጠረገ በኋላ፣ ሁለቱ ደግሞ ስልክ ከተነካ በኋላ ናቸው፤ በአራቱም ሳኒታይዘር ብቻ ተቀቡ። ሳኒታይዘር ብዙ ነገር ይገድላል፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስን ግን በደንብ አይገድልም፤ ለሱ ሳሙናና 20 ሰከንድ የሚያህል ውኃ ነው የሚያስፈልገው። ወረቀቱን ለዳይሬክተሯ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ በሩ ላይ የስልክ ማስቀመጫ ቅርጫት ተሰቅሎ አገኘሁ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። የምሳ ሰዓት ሰው ያንሳቸዋል። ደንባቸው በዚያ ሰዓት ዳይፐር የምትቀይር ሞግዚት ምግብ አታቀርብም ይላል፤ አንዷ በቀረች ቀን ግን ደንቡ ይፈርሳል። ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። እጇን ታጥባ ነው የመጣችው፣ ይህን አልክድም፤ ግን ስድስት የተራቡ ልጆች እያለቀሱ የሚታጠብ እጅ 20 ሰከንድ አይታጠብም። የትልልቆቹ ልጆች መታጠቢያም እስከ ቅርብ ጊዜ ከፍ ያለ ነበር፤ ልጅ በጉልበት ተደግፎ ተነሥቶ ስለሚታጠብ ሦስት ሰከንድ አይሞላም ነበር። መረገጫ እንዲሠራ ከጠየቅን አራት ወር ፈጀ። ለእንጨት ሳጥን አራት ወር ብዙ ነው።

አለርጂ ላይ ጥሩ ናቸው፤ ያለበት ልጅ ሳህኑ ቀለሙ የተለየ ነው፣ ፎቶው ማዕድ ቤት ተለጥፏል። ቀዳዳው ከቤት የሚመጣ የልደት ኬክ ነበር፤ ምን እንደገባበት የሚያውቅ የለም። አሁን ከቤት የተሠራ ምግብ አይቀበሉም።

ስለ ሕመም ደንባቸው ወላጆች ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔም አማርሬያለሁ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ልጅ የሚመለሰው ከቆመለት 48 ሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ሌሊት አስመልሳ ጠዋት ግን ትጫወት ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራ ቦታ የማይቀር ስብሰባ ነበረብኝ። በሩ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ዳይሬክተሯ አልተቆጡም፦ «የእርስዎ ልጅ ድናለች። የሌሎቹ ግን ገና አልታመሙም» አሉኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሳስበው ያ ሆስፒታል ያደርንበት ሳምንት መጣብኝ። ያኔ አንድ ሰው ለአንዲት እናት እንዲህ ብሏት ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ። ለመጎብኘት የምትሄዱ ከሆነ በምሳ ሰዓት ሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም ቦታ ንጹሕ ነው። ደብተሩን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ትናንት ልጄን ስወስድ አይቼዋለሁ፦ «7 ዲግሪ፣ ዕቃ ሲገባ። ከ30 ደቂቃ በኋላ 4።» የቀረችው አንድ ኮከብ የምሳ ሰዓቱ ናት፤ ተጨማሪ ሞግዚት ቀጥረው ለአንድ ወር ከተከታተልኩ በኋላ እጨምርላቸዋለሁ።