አንሲብል፦ ዴቨሎፕመንትንና ፕሮዳክሽንን ለይቶ ለመያዝ ምን ያህል ይመቻል?

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በ2015 ሬድ ሃት የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የገዛው የሰርቨር ማዋቀሪያ መሣሪያ አንሲብል በሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ላይ ኤጀንት (የራሱ ረዳት ፕሮግራም) እንዲጫን አይጠይቅም፤ በኤስኤስኤች (ደኅንነቱ በተጠበቀ የርቀት መግቢያ) ገብቶ፣ በአብዛኛው በሰርቨሩ ላይ ባለው የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። እዚህ የምመዝነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያው ፕሌይቡክ (የሚፈጸሙ እርምጃዎች የተዘረዘሩበት ፋይል) ለዴቨሎፕመንትም (ለመሥሪያና መሞከሪያው) ለፕሮዳክሽንም (ተጠቃሚዎች ለሚገለገሉበት) ሲያገለግል፣ የአንዱ ቅንብር ወደ ሌላው እንዳይሻገር መሣሪያው ምን ያህል ያግዛል?

በነባሪው በጣም ጥቂት ነው። እኛ ሥራውን የጀመርነው ሁሉንም ሰርቨሮች በአንድ ኢንቬንቶሪ (የሰርቨሮች ዝርዝር) ፋይል አስፍረን፣ «ፕሮዳክሽን»፣ «ዴቨሎፕመንት» እና «ዌብ» በሚሉ ግሩፖች በመክፈል ነበር። አንድ ቀን ለሙከራ የሚሆን የዳታቤዝ አድራሻ በ«ዌብ» ግሩፕ ቫሪያብሎች (ስም የተሰጣቸው የቅንብር እሴቶች) ውስጥ ተጽፎ ቀረ፤ የፕሮዳክሽን ድረ ገጻችንም የሙከራውን ዳታቤዝ ማንበብ ጀመረ። ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። አንሲብል በእኩል ደረጃ ያሉ ግሩፖችን ቫሪያብሎች የሚያዋህደው በላቲን ፊደል ተራ ስለሆነ፣ በኋላ የሚመጣው «ዌብ» ቀድሞ በሚመጣው «ፕሮዳክሽን» ላይ የተጻፈውን ትክክለኛ አድራሻ ሽሮት ነበር። ይህ በሰነዱ ላይ በግልጽ የተጻፈ ሕግ ነው፤ ይሁን እንጂ የአንድ ድርጅት የፕሮዳክሽን ዳታ ደኅንነት በግሩፕ ስም የመጀመሪያ ፊደል ላይ መንጠልጠሉ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ አካባቢ (ለዴቨሎፕመንትም ለፕሮዳክሽንም) የራሱ ኢንቬንቶሪ ፎልደር፣ በውስጡም የራሱ የግሩፕ ቫሪያብሎች ፎልደር እንዲኖረው አደረግን፤ ሮሎቹና (ተደጋግመው የሚያገለግሉ የእርምጃ ጥቅሎች) ፕሌይቡኮቹ ግን የጋራ ሆነው ቀሩ። ትእዛዙ ሲሰጥ አንዱ ኢንቬንቶሪ ብቻ ስለሚጠራ የሌላው ቫሪያብል ጭራሽ አይነበብም። ለሁለቱም የሚሆኑ እሴቶችን የት እናስቀምጥ የሚለው ጥያቄ ግን አስቸግሮናል። ብዙዎች ከፕሌይቡኩ አጠገብ ባለው የግሩፕ ቫሪያብሎች ፎልደር፣ «ሁሉም» በሚለው ግሩፕ ሥር ያኖሯቸዋል፤ ነገር ግን በ22ቱ የቫሪያብል ቅደም ተከተል ደረጃዎች መሠረት ይህ ቦታ በኢንቬንቶሪው ውስጥ ካለው «ሁሉም» ስለሚበልጥ፣ የጋራው እሴት የፕሮዳክሽኑን ልዩ እሴት ይሽረዋል። እኔ የጋራ እሴቶችን በሮሉ ነባሪ ፋይል ውስጥ አኖራለሁ፤ ደረጃው ዝቅተኛ ስለሆነ ማንኛውም ኢንቬንቶሪ በቀላሉ ይተካዋል።

የምስጢር ቃሎችን የሚያመሰጥረው ቮልት በጣም ጥሩ ነው። ከ2.4 ስሪት ጀምሮ ለእያንዳንዱ አካባቢ የተለየ መክፈቻ መስጠት ስለሚቻል፣ የዴቨሎፕመንቱን መክፈቻ ለሁሉም ባልደረባ ሰጥተን የፕሮዳክሽኑን ለጥቂቶች ብቻ ትተናል። ምንም ሳይነካ ምን እንደሚለወጥ የሚያሳየው የሙከራ ሁነታ ግን በከፊል ብቻ ያስተማምናል፦ በሼል (በሰርቨሩ የትእዛዝ መስመር) የሚፈጸሙ እርምጃዎችን ስለሚዘላቸው፣ በእነሱ ውጤት ላይ የተመሠረቱት ቀጣይ እርምጃዎች በሙከራው ላይ እውነተኛ ባሕርያቸውን አያሳዩም።

አንሲብልን ለሚጀምር ሰው፣ ሰርቨሮቹ ሦስት ብቻ ቢሆኑም እንኳ ከመጀመሪያው ቀን ኢንቬንቶሪውን እንዲለያይ አጥብቄ እመክራለሁ። በቅንብር ፋይሉ ላይም ነባሪው ኢንቬንቶሪ የዴቨሎፕመንቱ ይሁን፤ ያን ጊዜ ኢንቬንቶሪ መጥቀስ የረሳ ሰው ትእዛዙ የሚያርፈው በሙከራ ሰርቨር ላይ ይሆናል፣ ፕሮዳክሽንን የሚነካ ግን ስሙን በእጁ መጻፍ ግድ ይሆንበታል።