የአሜሪካን ምርጫ ጅማ ላይ ያየሁበት ጀበና ቡና፦ ቡናው አንደኛ፣ ሪሞቱ ችግር

የቡና ቤቷን ስም አልጠራም። ባለቤቷ ጥሩ ሴት ናት፣ ግን ስለ ሪሞቱ የምለው አለኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ዲሽ አላት፣ በጠዋት ትከፍታለች፣ አንድ ስኒ ይዘህ ብትቆይ የሚያባርርህ የለም። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

መጀመሪያ ቡናው። ፊታችን ተቆልቶ ፊታችን ነው የሚፈላው። ጅማ ላይ መጥፎ ቡና አይሸጥም የሚል ሰው ካለ ጅማን አያውቃትም፤ ያረረውን በስኳር ሸፍኖ የሚያቀርብ ስንት ካፌ አለ መሰላችሁ። እዚህ ግን አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናውም ውኃ ውኃ አይልም፣ ጤና አዳም ከፈለጋችሁ ሳትለምኑ ይመጣል። ፈንዲሻው ጨው ይበዛበታል። መቀመጫው ያው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ነው፤ ለፎቶ ያምራል፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ለተቀመጠ ሰው ግን ወገብ ይጨርሳል።

ጥቅምት 27፣ 2017 ረቡዕ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበርኩ። አሜሪካኖቹ ገና ማክሰኞ ማታ ላይ ናቸው፣ እኛ የረቡዕን አቦል ይዘናል። ትራምፕና ካማላ ሃሪስ። እሷ ብታሸንፍ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት፣ እሱ ቢያሸንፍ ከግሮቨር ክሊቭላንድ በኋላ ከሥልጣን ወጥቶ የተመለሰ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት፤ ክሊቭላንድ ደግሞ የተመለሰው በ1892 በነሱ አቆጣጠር ነው። በየትኛውም በኩል ታሪክ ነው፣ ስለዚህ ቤቷ ሞልታለች።

ቴሌቪዥኑ ፊት ሁሌ የሚቀመጡት ጋሼ "ብዙ ሰው የመረጠው አይደለም እንዴ የሚያሸንፈው?" አሉ። አንድ ተማሪ ነገር ልጅ ፈንዲሻውን ረከቦቱ ላይ ዘርግቶ ማስረዳት ጀመረ። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የተመደበ ድምፅ አለው፣ ግዛቱን ያሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ይወስዳል፤ ፔንሲልቬኒያ 19 ፈንዲሻ፣ በድምሩ 270 የሞላለት አሸነፈ፤ በነሱ 2016 ሂላሪ ክሊንተን ብዙ ድምፅ አግኝታ በዚሁ ሒሳብ ነው የተሸነፈችው። አጠገቡ ላለው ሰው ደግሞ ያንኑ በኦሮምኛ ደገመለት። ጋሼ ጨርሰው ሰሙና "ታዲያ ይሄ ምኑ ምርጫ ነው" ብለው ዊስኮንሲንን አነሱና በሉት።

አሁን ወደ ሪሞቱ። 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፔንሲልቬኒያ ለትራምፕ ተባለ፣ ሰውየውም ፍሎሪዳ ላይ ሊናገር መድረክ ወጣ። ልክ በዚያች ሰዓት የቤቷ ሠራተኛ ጣቢያውን ቀይራ የቱርክ ድራማ ከፈተች። ድግግሞሽ! ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እሷ እቴ፣ "ትናንት መብራት ጠፍቶ አምልጦኛል" ብላ ሪሞቱን ሽርጧ ውስጥ ከተተችው። ባለቤቷ ጓዳ ናት፣ ምንም አላለች። ድራማው እስኪያልቅ ሁላችንም ስልካችን ላይ አፍጥጠን ቴሌግራም ስንጎረጉር ቆየን። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። ዜግነት አግኝታ የመጀመሪያ ምርጫዋ ነው፣ "መርጫለሁ" የምትለዋን ክብ ተለጣፊ ደረቷ ላይ ለጥፋ ፎቶ ልካልኝ ነበር። የመረጠችው ሃሪስን ነው። ወንድሟ ትራምፕን፣ ያውም እዚያው ቤት እየኖሩ። እዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ሊሆን ምንም ያልቀረው ሆኖ እንኳ አልተኛችም። "እንዴት ነሽ?" አልኳት። "እኔማ ቨርጂኒያን አሸንፌያለሁ፣ ከዚያ በላይ ምን ላድርግ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቨርጂኒያ የሃሪስ ሆናለች። ቀጥላ "ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ፣ ወንድሜ እየዘፈነ ነው" ብላ ጠፋች።

ሳልዋሽ፣ ቀናሁ። በውጤቱ አይደለም፣ በወሬው ፍጥነት ነው። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ሰኔ 14፣ 2013 ነው፣ የአገሩን ውጤት ቦርዱ ያሳወቀን ሐምሌ 3። ፕሬዚዳንትማ ጭራሽ እኛ አንመርጥም፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። አንዱ ወጣት "ሴት ፕሬዚዳንት እኮ እኛ በ2011 አግኝተናል፣ አሜሪካ ወደኋላ ቀርታለች" ሲል ጋሼ ዞር ብለው "ሳህለወርቅን አንተ መርጠሃቸው ነው?" አሉት። ቤቱ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። ገና መስከረም 27 አይደል እንዴ ታዬ አጽቀሥላሴ በሳህለወርቅ ቦታ የተተኩት፣ ያን ቀንም እዚሁ ነበርኩ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው ኳስ ነው፤ ቀይሩልን ያለ ሰውም አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

የአሜሪካው ዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ አሸናፊውን ያወጀው በኛ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያኔ ድራማው አልቋል፣ ሪሞቱም ጋሼ እጅ ገብቷል። ሰዉ ግን ርቦት ተበትኖ ነበር፣ ቤቷ ምሳ አትሠራም፣ ያላት አምባሻ ብቻ ነው፣ እሱም ከረፋዱ በኋላ ይደርቃል።

ስኒው ያኔ 20 ብር ነበር። ለቡናው ሂዱ፣ ለዜና ከሆነ ግን ከ4 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ወይ ሠራተኛዋን አስቀድማችሁ ተደራደሯት።