ለከባድ ጌም በድሬዳዋ ሙቀት፦ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ?

አርቲኤክስ 4060 የተሰኘው የግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) በላፕቶፕም በዴስክቶፕም አለ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጉልበቱ ይለያያል፦ የዴስክቶፑ 115 ዋት ሲሆን፣ የላፕቶፑ እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ስትገዙ ዋቱን ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ!

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከቀትር በኋላ፣ ላፕቶፑን አልጋ ላይ አድርጌ ስጫወት ማራገቢያው ይጮሃል፤ የቁልፍ ሰሌዳው ጣት ያቃጥላል፤ ምስሉም ይቆራረጣል። ብልሽት አይደለም፤ ማሽኑ ከሙቀቱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ከኋላው በሁለት መጻሕፍት ከፍ ሳደርገው እፎይ ይላል።

የዴስክቶፕ ሳጥን ሰፊ ስለሆነ አየር እንደ ልብ ይዘዋወርበታል። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፕ በባትሪ ይቀጥላል፤ ለከባድ ጌም ግን ያኔ አቅሙ በእጅጉ ይወርዳል። ከቤት ለማይወጣ ተጫዋች ዴስክቶፕን እመርጣለሁ፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለሚመላለስ ተማሪ ግን ዋቱ ከፍ ያለ ላፕቶፕ።