ራሌይ በርነር፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

መጋቢት ላይ የገዛኋት ራሌይ በርነር ዘጠኝ ወር ሞላት። እንግሊዝ ኖቲንግሃም ውስጥ በነበረው የራሌይ ሳይክል ኩባንያ ትራያምፍ ሮድ ፋብሪካ የተሰራች፣ የፈረንጆቹ 80ዎቹ ቢኤምኤክስ (ለዝላይና ለእሽቅድምድም የሚሆን ትንሽ ሳይክል) ነች፣ 20 ኢንች ጎማ፣ ሽቦ የሌለው የፕላስቲክ ማግ ቸርኬ፣ 380 ፓውንድ ነው ያወጣሁባት።

መጀመሪያ ለምን በርነር እንዳልኩ ልንገራችሁ። በርነር እንግሊዝ ውስጥ የወጣው በፈረንጆቹ 1982 ነው፣ እኔ ደግሞ ከእማዬ ጋር ለንደን የገባሁት በ83፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ። ፔካም የነበርንበት ሕንፃ ግቢ ውስጥ የልጆቹ ወሬ ሁሉ ቢኤምኤክስ ነው፣ እማዬ ጽዳት እየሰራች የቤት ኪራይ የምትከፍል ሰው ነበረች ስለዚህ እኔ ግዢልኝ ብዬ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ታች ቤት ያለው ልጅ በርነሩን እየሰጠኝ "እስከ ሱቁ ደርሰሽ ነይ" ይለኝ ነበር፣ በቃ እሷ እስከ ሱቁ ያለችው መንገድ ናት በልቤ የቀረችው፣ በተለይ መንዳት አቁመሽ ዝም ብለሽ ስትንሸራተቺ የኋላ ጎማው የሚያሰማው ትክትክትክ የሚል ድምፅ። አሁንም ያው ድምፅ ነው፣ አንድም አልተቀየረም።

ወደ ሳይክሏ ልመለስ። ቴላዮው ብረት ነው፣ ጠንካራ፣ ብየዳው ዙሪያ አንድም ስንጥቅ የለም። ቀለሙ ተልጧል፣ እንደገና አስቀቢው ያሉኝ አሉ፣ እኔ ግን ጭረቱ የሌላ ልጅ ሥራ ስለሆነ አልነካውም። መሪው ላይ፣ አንገቱ ላይና ላይኛው ብረት ላይ የሚታሰሩት ሦስቱ ስፖንጆች ግን ጠፍተው ነበር፣ ለየብቻ ነው የገዛሁት።

ችግሯ ዝናብ ነው። ማግ ቸርኬ የሚበጠስ ሽቦ የለውም፣ ግን ሲርስ ፍሬኑ ይንሸራተታል፣ ጥቅምት ላይ መብራት ጋር ቁሚ ብላት እምቢ ብላኝ መንገዱ መሃል ገብቼ ነው የቆምኩት፣ ከዛ ወዲህ በዝናብ አላወጣትም። ሻጩ ጎማዎቹ ደህና ናቸው ብሎኝ ነበር፣ ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ግንቦት ላይ አንዱ ፈነዳ፣ ስለዚህ የድሮ ሳይክል ስትገዙ ለአዲስ ጎማና ካላማዳሪ ብር ያዙ። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ የራሳችሁን ለኩ፣ ያዘዝኩት የመሪ አንገት ልኩ ሌላ ሆኖ አልገባም። ረጅም መንገድም አትሞክሩ፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት ይገድላል፣ በቤት ሚዛን 13 ኪሎ ገደማ ስለምትመዝን ደረጃ ይዞ መውጣቱም ከባድ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በርጀስ ፓርክ ያለው የቢኤምኤክስ ትራክ ይዣት እሄዳለሁ። የፔካም ክለብ ቤቱ እዛ ነው፣ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ የብር ሜዳሊያ ያመጣው ካይ ዋይት ከዚሁ ክለብ የወጣ ልጅ ነው፣ እኛ በ80ዎቹ በተሰበረ ጣውላና በጡብ ነበር መዝለያ የምንሰራው፣ አሁን የሰፈሩ ልጅ እንዲህ ዓይነት ትራክ አለው፣ ሳየው ደስ ይለኛል። የ11 ዓመት ልጅ ልሞክራት አለኝና ዙሮ መጣ፣ "ትከብዳለች ግን ቁልቁለት ላይ አትቆምም" አለኝ፣ ልክ ነው።

ሐምሌ ላይ እማዬን ይዣት ሄድኩ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየችና ስመለስ፣ "ያኔ ይቺን ነበር የምትፈልጊው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ታዲያ መች ነገርሽኝ ልጄ" አለች፣ መሪውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ጥር ላይ የሁለቱንም ፍሬን ጎማ ለፕላስቲክ ቸርኬ በሚሆን እቀይራለሁ፣ ቸርኬው ግን ይቆያል። አትሸጫትም ወይ ያላችሁኝ፣ አልሸጣትም።